ጎመኑን በረዶ ሲመታው፦ አሜሪካ ገጠር ለምታርሱ የአደጋ ድጋፍ ገንዘብ አወጣጥ መመሪያ

ዓርብ ከሰዓት ነበር። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ባቄላ የሚያክል በረዶ ወረደና ጎመኔን ወንፊት አድርጎት ሄደ። እኔ ምን አደረግኩ? «ቢሮው ሰኞ ይከፈታል» ብዬ ቅዳሜና እሁድን ስቆዝም ዋልኩ። ሰኞ የልጅ ጉዳይ ያዘኝ። ማክሰኞ ጠዋት ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በትሕትና የነገረችኝ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። በእጅ ለሚለቀም ሰብል፣ ጉዳቱን ባየሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ነበረብኝ። ሰዓቱ አልፏል። ወቅቱን ሙሉ የለፋሁበት ማሳ በአንድ ስልክ ጥሪ ጉድለት ቀረ።

እኔ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ጎመን፣ ቃሪያና ጥቂት ፍየሎች አሉኝ። ጎመኑን ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላሉ የሐበሻ ሱቆች አስረክባለሁ። እንደ እኔ መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ወገኖች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ጎርፍ ወሰደብኝ፣ መንግሥት ምን ይሰጠኛል?» መልሱ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ምን አስመዝግበህ ነበር በሚለው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ገና ምንም ሳይደርስባችሁ ይጀምራል።

በሩ የት ነው?

የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ዩ.ኤስ.ዲ.ኤ. ነው። በሥሩ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ሁሉም ሰው ኤፍ.ኤስ.ኤ. ነው የሚለው። ቢሮዎቹ በመላ አገሪቱ ከ2,000 በላይ ካውንቲዎች ውስጥ አሉ። የእናንተ ካውንቲ ቢሮ ከሌለው የጎረቤቱ ያስተናግዳችኋል። የካውንቲው አስተዳደር ወይም የክልሉ መንግሥት ጋ ብትሄዱ ትንከራተታላችሁ እንጂ ገንዘቡ እዚያ የለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ። ለማመልከት ክፍያ የለም። «ብር ክፈለኝና ፎርሙን ላስጨርስልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ በስልክ አስተርጓሚ እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ ልጃችሁን ወይም ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም አይቆጣም።

1. የፋርም ቁጥር አውጡ

ቀጠሮ ያዙና መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ እና መሬቱ የእናንተ ከሆነ ዲዱን (የባለቤትነት ሰነዱን)፣ የተከራያችሁት ከሆነ ውሉን ይዛችሁ ሂዱ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊያመለክት ይችላል። በኤል.ኤል.ሲ. ከሆነ የምትሠሩት የድርጅቱን የግብር ቁጥርና የአባላቱን ዝርዝር ጨምሩ።

እኔ የሄድኩ ዕለት ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው። የባለመሬቱን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኩሬውን፣ የፍየሎቼን በረት ሳይቀር አየሁት። «የቱን ነው የምታርሰው?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት፣ እሷ በማውስ ዙሪያውን አሰመረችበት። ማሽኑ 2.3 ኤከር አለ። እኔ 3 ኤከር ነው እያልኩ ስከፍል የኖርኩት! በሚቀጥለው ወር ከባለመሬቱ ጋር ሌላ ወሬ ነበረን።

ከዚያ የፎርም ዝናብ ይመጣል። አትደንግጡ፣ አብዛኛው አንዴ የሚሞላ ነው። ኤ.ዲ.-1026 ረግረግና ተዳፋት መሬት እንደማታበላሹ የምትፈርሙበት ነው። ሲ.ሲ.ሲ.-902 ማን ምን እንደሚያዋጣ የሚያሳይ የሥራ ዕቅድ ነው። ሲ.ሲ.ሲ.-941 አማካይ የተስተካከለ ገቢያችሁ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ ማረጋገጫ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ስቀን እንፈርማለን። ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ እንዲገባም የሂሳብ ቁጥራችሁን ስጡ።

902ቱ ላይ ግን ቆም በሉ። እኛ «አብረን ነን» ብለን ሦስት አራት ሆነን እናርሳለን። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ አንዱ ትራክተር፣ አንዱ ጉልበት። ወረቀት ላይ ግን የአንዱ ስም ብቻ አለ። ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው ወረቀቱ ላይ ላለው ሰው ነው። ድርሻችሁን እውነቱን ጻፉ። ባልና ሚስትም ብትሆኑ የየራሳችሁን ጠይቁ።

የኪራይ ውል በቃል ከሆነ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አድርጉት። ባለመሬቱ ጎበዝ ሰው ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ ብትሄዱም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስንት ኤከር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ዶላር፣ የሁለታችሁ ፊርማ።

2. የዘራችሁትን በየዓመቱ አስመዝግቡ

ይህ ኤፍ.ኤስ.ኤ.-578 የሚባለው ነው። የትኛው ማሳ ላይ ምን፣ መቼ፣ በስንት ኤከር እንደተከላችሁ ትናገራላችሁ። ለብዙ የበልግና የበጋ ሰብሎች የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የምነግራችሁን ናፕ ከገዛችሁ ቀኑ ሊቀድም ይችላል፤ ምርት መሰብሰብ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ወይም ከተወሰነው ቀን፣ ከሁለቱ የቀደመው። ጎመን በሁለት ወር የሚደርስ ነገር ነው። ጁላይን ልጠብቅ ካላችሁ አለፈባችሁ። የግጦሽ መሬትም ይመዘገባል። ፍየል ያለው ሰው ይህን ይረሳዋል፣ ድርቅ ሲመጣ ይጸጸታል።

3. ናፕ ግዙ

ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ ሁሉም ናፕ ይለዋል። በቆሎና አኩሪ አተር የሚያርሱ ፈረንጆች የሰብል ኢንሹራንስ ከኤጀንት ይገዛሉ። ለእኛ ቃሪያና ጎመን ግን በብዙ ካውንቲ እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ አይሸጥም። ናፕ ይህን ክፍተት የሚሞላ ነው፣ የሚሸጠውም ራሱ ኤፍ.ኤስ.ኤ. ነው።

ዋጋው ለአንድ ሰብል 325 ዶላር፣ ወይም በአንድ ካውንቲ ላላችሁ ሰብሎች በሙሉ ቢበዛ 825 ዶላር ነው። እርሻ ከጀመራችሁ 10 ዓመት ካልሞላችሁ ይህ ክፍያ ይነሳላችኋል። «ጀማሪ ገበሬ ነኝ» ብላችሁ ሲ.ሲ.ሲ.-860 የሚባለውን ፎርም ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላያነሳው ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንይ፤ እዚህ ላይ ሰው ይታለላል። መሠረታዊው ናፕ የምርታችሁን 50 በመቶ፣ በአማካይ የገበያ ዋጋ 55 በመቶ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሰብላችሁ በአማካይ ዋጋ 10,000 ዶላር ያወጣ ነበር እንበል። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚደርሳችሁ ቢበዛ 2,750 ዶላር ነው። ሳትለቅሙት ከጠፋ ደግሞ የለቀማ ወጪ ስላላወጣችሁ ተብሎ ይቀነሳል። ግማሹ ብቻ ከጠፋ ምንም የለም።

ጭማሪ ሽፋን አለ። እስከ 65 በመቶ ምርት፣ በአማካይ ዋጋው 100 በመቶ። ያው የ10,000 ዶላር ሰብል ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ጣሪያው 6,500 ይሆናል። ለዚህ ከዚያ 6,500 ላይ 5.25 በመቶ ፕሪሚየም ትከፍላላችሁ፣ 341 ዶላር ገደማ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግማሹ ይቀነሳል፣ 171 ዶላር ገደማ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በረዶና ጎርፍ በሚበዛበት ቦታ መሠረታዊውን ገዝቶ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ መተኛት ራስን መደለል ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ለእያንዳንዱ ሰብል የመግዣው መዝጊያ ቀን ይለያያል። የጎመን ቀን አልፎ የቃሪያው ገና ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሽፋኑ ባመለከታችሁ ማግስት አይጀምርም፣ 30 ቀን ያስቆጥራል። ማዕበል እየመጣ ነው ሲባል ሮጦ መግዛት የለም።

የተለያየ አትክልት በትንሽ በትንሹ የምትሸጡ ከሆነ ማይክሮ ፋርም የሚባል የኢንሹራንስ ዓይነትም ጠይቁ። ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 350,000 ዶላር ለሆኑ እርሻዎች የተዘጋጀ ነው። ሰብል በሰብል ሳይሆን የእርሻውን ጠቅላላ ገቢ ይሸፍናል። የሚሸጠው ግን በግል ኤጀንት እንጂ በኤፍ.ኤስ.ኤ. አይደለም።

4. ደብተር ያዙ

አንድ ወቅት የሱቅ ባለቤት ጓደኛዬ 40 እስር ጎመን ተቀብሎኝ ሒሳቡን በናፕኪን ላይ ጻፈልኝ። ቡና ፈሶበታል፣ ቀን የለውም፣ «ለወንድሜ» ይላል። እሱን ይዤ ቢሮ ልሄድ? ምርታችሁን የሚያሳይ መዝገብ ከሌላችሁ ቢሮው የካውንቲውን ግምት ይወስድና ቀንሶ ይሰጣችኋል። ካሳው የሚሰላው ከዚያ ነው። በየዓመቱ መዝገብ ባቀረባችሁ ቁጥር ግን የራሳችሁ ምርት ቁጥር እየሆነ ይመጣል።

አሁን መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቅጂ የሚወጣው ደረሰኝ አለ። ቀን፣ ስንት እስር፣ ስንት ፓውንድ፣ ፊርማ። ዘር የገዛሁበትንም አልጥልም። ስልኬ ላይ ደግሞ ማሳው ደህና እያለ በየሁለት ሳምንቱ ፎቶ አነሳለሁ፤ «በፊት» የሚባለው ከሌለ «በኋላ» ብቻውን ብዙም አይናገርም።

5. ጉዳት ሲደርስ

ሰዓት ተመልከቱ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

መጀመሪያ ፎቶና ቪዲዮ። ከሩቅ ሙሉ ማሳውን፣ ከቅርብ ቅጠሉን፣ በረዶው ገና ካልቀለጠ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ።

ወዲያው ለቢሮው አሳውቁ። በእጅ የሚለቀም ከሆነ 72 ሰዓት ነው፤ ስልክም ኢሜይልም ይሆናል። ቅዳሜ ሌሊት ቢሆን እንኳ ኢሜይሉን ላኩ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ስማችሁ፣ የፋርም ቁጥራችሁ፣ ምን ቀን ምን ደረሰ፣ የትኛው ሰብል። ከዚያ ሲ.ሲ.ሲ.-576 የተባለውን የጉዳት ማሳወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሙ። ለሌሎቹ ሰብሎችም 15 ቀኑ የሚቆጠረው አደጋው ከደረሰበት ወይም ጉዳቱ ከታየበት ቀን ነው።

ማሳውን አትገልብጡት! ይህን በደማቅ ቀለም ጻፉት። የተበላሸ ጎመን ማየት ያማል፣ እጅ ወደ ትራክተሩ ይሄዳል። ገማች መጥቶ አይቶ ፈቃድ ሳይሰጥ ካረሳችሁት የሚገመት ነገር የለም። ሌላ ነገር ልትተክሉበት ከቸኮላችሁ ለቢሮው ደውሉና ንገሩ፣ ገማች እንዲልኩ ጠይቁ።

6. ፍየል፣ በግ፣ ከብት

ለሞቱ እንስሳት ያለው ፕሮግራም ሊፕ ይባላል። እንደ ናፕ አስቀድሞ አይገዛም። መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ከባድ ቅዝቃዜ ወይም ሙቀት የገደለባችሁን ከአማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ይከፍላል። ግን ለንግድ የሚረቡ መሆን አለባቸው። ለፋሲካ ለቤት ያሰራችሁት በግ አይቆጠርም።

በተለመደው ዓመት የሚሞተው ተቀንሶ ነው የሚከፈለው። እንበልና 60 ፍየል አላችሁ፣ የተለመደው ሞት ደግሞ 5 በመቶ ነው እንበል፣ ማለትም 3። ጎርፍ 11 ቢወስድባችሁ የሚከፈላችሁ የ8ቱ ነው።

አውሬ በላብኝ የሚለው ላይ ሰው ይደነግጣል። ኮዮቴ ወይም የጎረቤት ውሻ ከበላው ሊፕ አይከፍልም። በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ አውሬ መሆን አለበት። እዚህ እኛ ጋ ግልገል ገና ሲወለድ ዓይኑን የሚያወጣው ጥቁር ጥንብ አንሳ ግን የተጠበቀ ወፍ ነው፤ ስለዚህ ይቆጠራል። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በተጠበቀ አውሬ ለሞተ እንስሳ የሚከፈለውን ከ75 ወደ 100 በመቶ ከፍ አድርጎታል።

ማስረጃ፦ ሬሳው ሳይቀበር ፎቶ፣ የጆሮ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ። የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት፣ ካልሆነም ያየ ገለልተኛ ሰው ምስክርነት። የሊፕ ማመልከቻ እስከ ተከታዩ ዓመት ማርች 1 ድረስ ይቀበላሉ። እስከዚያ አትቆዩ። ሬሳና ምስክር አይቆይም።

ንብ ለምታንቡም ኢላፕ የሚባል አለ። ከተለመደው የ15 በመቶ ሞት በላይ የጠፋ የንብ መንጋን ይመለከታል። ጠጅ ለሚጥሉ ዘመዶቻችን ይህን አሳውቁልኝ። ፖምና ኮክ ያላችሁ ደግሞ ታፕ ብላችሁ ጠይቁ፤ ዛፍ መልሶ ለመትከል ነው።

7. ድርቅ

ለግጦሽ ድርቅ የሚከፍለው ኤል.ኤፍ.ፒ. ነው። እዚህ ማንም እናንተ ማሳ ላይ መጥቶ ሣሩን አያይም። ውሳኔው ከካርታ ይመጣል። የአሜሪካ ድርቅ መከታተያ ካርታ በየሐሙስ ይወጣል፣ ከዲ-0 እስከ ዲ-4 ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድርቁ የከፋ ነው። በካውንቲያችሁ የትኛውም ክፍል በግጦሽ ወቅት በዲ-2 ለተከታታይ ሳምንታት ከቆየ ክፍያ ይከፈታል። ቀድሞ 8 ሳምንት ነበር፣ የ2025ቱ ሕግ ወደ 4 አወረደው። ዲ-3 ከገባ አንድ ቀንም ቢሆን የሦስት ወር ክፍያ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ካርታውን እዩ። ጎረቤታችሁ ሣሩ ለምለም ቢሆንም፣ የካውንቲው ጥግ ከቀላ ሁላችሁም ትገባላችሁ። እንስሳቱ ግን ድርቁ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ በእጃችሁ የነበሩ መሆን አለባቸው፣ የግጦሽ መሬቱም የተመዘገበ። የቃል ኪራይ ይህን ጊዜ ነው ጉድ የሚሠራው።

8. አጥርና አፈር

ጎርፍ አጥር ከወሰደ ወይም ማሳ ላይ ግንድና ድንጋይ ከከመረ ኢ.ሲ.ፒ. የሚባለው እስከ 75 በመቶ ወጪ ይጋራል፤ ለጀማሪ ገበሬ እስከ 90። ይህን የሚያበላሸው የኛ ታታሪነት ነው። ሰው በማግስቱ ጓደኞቹን ሰብስቦ አጥሩን ያቆማል፣ ከዚያ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ቢሮውን አናግሩ፣ «ጀምሩ» የሚል ፈቃድ በጽሑፍ አስይዙ። ፍየሎቹ እየወጡ ካስቸገሩ ለጊዜው በኤሌክትሪክ ገመድ ያዟቸው።

9. ኮንግረስ ሲጨምር

ከነዚህ ሌላ ትልቅ ጥፋት ሲደርስ ኮንግረስ ለብቻው ገንዘብ ይመድባል። ዲሴምበር 2024 የተፈረመው ሕግ ለ2023 እና ለ2024 የሰብል ጉዳት ገንዘብ መድቦ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ የተከፈተው ጁላይ 2025 ነው። በ2023 የጠፋ ሰብል ሁለት ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። በዚያ ዙር ኢንሹራንስ ወይም ናፕ ኖሯቸው ካሳ የተከፈላቸው ሰዎች ፎርሙ ግማሹ ተሞልቶ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ሽፋን ያልነበራቸው ሁለተኛውን ዙር ጠበቁ፣ ማስረጃውንም ራሳቸው ፈለጉ። ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ደግሞ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ኢንሹራንስ ወይም ናፕ የመግዛት ግዴታ አለበት። ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ።

10. «አይገባህም» ሲሏችሁ

ደብዳቤው ላይ ምክንያቱና የይግባኝ መብታችሁ ይጻፋል። ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ። መጀመሪያ የካውንቲው ኮሚቴ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ የክልሉ ኮሚቴ አለ፣ ከዚያም ከኤፍ.ኤስ.ኤ. ውጭ የሆነ ብሔራዊ የይግባኝ ክፍል። በስልክ «ቅር ብሎኛል» ማለት ይግባኝ አይደለም። በጽሑፍ፣ ከነማስረጃው ስጡና ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስመቱበት።

የኔ የ72 ሰዓት ጉዳይስ? ይግባኝ አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ገንዘቡ ሲገባ ጃንዋሪ ላይ 1099-ጂ የሚባል ወረቀት ይመጣል። እንደ እርሻ ገቢ ታክስ ይታሰብበታል፤ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ስጡት።

ስለ ካውንቲው ኮሚቴ ካነሳሁ አይቀር፣ አባላቱ የካውንቲው ገበሬዎች ናቸው፣ የሚመረጡትም በገበሬዎች ድምፅ ነው። የፋርም ቁጥር ካወጣችሁ ኖቬምበር ላይ የድምፅ መስጫ ፖስታ ሊመጣላችሁ ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጣልኩት። በዲሴምበር መጀመሪያ ነው የሚመለሰው፣ ፖስታው ላይ ፊርማ ካልኖረ አይቆጠርም።